ለሃያ አንድ የተባለው ዝናብ

የዚያን ዓመት ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች። በደንብ የማስታውሰው ስላማረርኩባት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ለጳጉሜ ደመወዝ አይከፈለውም፤ አምስቱ ቀን አልበቃ ብሎ አንድ ሲጨመርበት፣ እንደኔ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ተመድቦ መጥቶ በኪራይ ቤት ለሚኖር ላጤ ያቺ የተጨመረችው ቀን ከአምስቱም ትረዝማለች። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ሐይቁ ዳር ላገኘሁት ሰው ሁሉ «ዘንድሮ ደግሞ ስድስት ሆነችብን» እያልኩ ዋልኩ። ቤት ገብቼ ለአከራዬም ይህንኑ ብላቸው፣ «በየአራት ዓመቱ ሉቃስ ወጥቶ ዮሐንስ ሲገባ ስድስት ናት። ላንተ ተብላ አልመጣችም» አሉኝ። ይህቺን ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ። እኔ አልያዝኳትም።

አከራዬ መሪጌታ ነበሩ፤ የኔታ እላቸዋለሁ። ሐይቁ ዳር ባለችው ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ። ከዜማው ይልቅ የሚታወቁት ግን በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ጾሙና በዓሉ በየትኛው ቀን እንደሚውል በሚሰላበት የቤተ ክርስቲያን ቁጥር ነበር። ጾም የሚገባበትን ቀን ለመጠየቅ ከሐሙሲትም ከጢስ ዓባይም ሰው ይመጣባቸዋል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን አንድ ሁለቴ ያጥፉና ይነግሩታል፤ ሰውየው አመስግኖ ይሄዳል። ሲሳሳቱ የሰማ አልነበረም። እኔ ግን ይህን ሁሉ እንደ ጥንት ዘመን ጨዋታ ነበር የማየው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ የአየር ጠባይ ትምህርት ለአንድ ዓመት ተምሬያለሁ፣ ሰማዩን ደግሞ ደመወዝ ተቆርጦልኝ ነው የማየው።

ሥራዬ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለችው ትንሽ የአየር ጣቢያ የዝናቡን መጠን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የደመናውን ዓይነት እየተመለከትኩ መመዝገብ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት ትንበያ ከዋናው መሥሪያ ቤት በሬዲዮ መገናኛ ይመጣልኛል። የሚመጣው በእንግሊዝኛና በፈረንጅ ቀን ነው። እኔ ወደ አማርኛ እተረጉመዋለሁ፣ ቀኑን ወደ እኛ እመልሰዋለሁ፣ በስቴንስል አባዝቼ ለግብርና ጽሕፈት ቤቱና ለየቀበሌው እበትነዋለሁ። ሰማዩን የሚተነብዩት አዲስ አበባ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። የእኔ ድርሻ መተርጎምና ቀን መመለስ ብቻ መሆኑን ግን ለአንድም ሰው ተናግሬ አላውቅም። ወረቀቱ ግርጌ የምፈርመውም ሰማዩን ራሴ ያረገዝኩት ይመስል በትልቁ ነበር።

ቀን የምመልስበት ካርቶን ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ግድግዳው ላይ ለጥፎት የሄደ ነው። በቀይ ቀለም «መስከረም 1 = ሴፕቴምበር 11» ይላል፤ ከሥሩ የቀሩት ወራት ተደርድረዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሳሳተኝም።

የየኔታን ሚስት እማማ ነበር የምላቸው። እንደ እሳቸው የሚያምነኝ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ እናቴም አትቀርባቸውም። ልብስ ሊያሰጡ ሲሉ ይጠይቁኛል፤ በርበሬ ሊያሰጡ ሲሉ ይጠይቁኛል። ጎረቤት ሲመጣ፣ «ይኼ ልጅ ዝናቡን ከነሰዓቱ ነው የሚያውቀው» ይላሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ ልክ እንዳፈረ ሰው፣ እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ።

በዚያ መስከረም እማማ አንድ ትልቅ ጉዳይ ነበራቸው። ቤታቸው የሳር ክዳን ነው፤ አርጅቶ በየክረምቱ ያፈሳል። ሁለት ዓመት ወረፋ ጠብቀው በቀበሌው በኩል ቆርቆሮ ደርሷቸው፣ ሉሆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ቀኑን ሙሉ በሄዱ በመጡ ቁጥር ይነኳቸዋል። ክዳኑን ለመለወጥ ታዲያ አሮጌው ሳር መነሳት አለበት፤ ሳሩ ከተነሳ ደግሞ ቆርቆሮው እስኪመታ ቤቱ አንድ ቀን ሙሉ ራቁቱን ይውላል። ግድግዳው ጭቃ ነው። ያን ቀን ከባድ ዝናብ ከጣለ ክዳን ብቻ ሳይሆን ቤትም አይኖርም። እማማ ይህን ስለሚያውቁ ነው ቀኑን ለእኔ የተዉት።

በመስቀል ዋዜማ ከሥራ ስመለስ ደጃፍ ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ አናጢውን ለሃያ ሁለት ቀጥሬዋለሁ፤ ከማርያም ማግሥት። ሰማዩ እንዴት ነው?»

የሳምንቱ ትንበያ በዚያው ቀን መጥቶልኝ፣ ተርጉሜ፣ ፈርሜ፣ በትኜ ነበር የመጣሁት። «ሃያ ሁለትማ አይሆንም እማማ» አልኳቸው። «ሃያ አንድና ሃያ ሁለት ነጎድጓድ ያለበት ከባድ ዝናብ ይጥላል። ሃያ ግን ብራ ነው። በሃያ አስመቱት።»

የኔታ መደቡ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። «ክረምቱ የሚወጣው በሃያ አምስት ነው» አሉ ለሚስታቸው። «ሁለት ዓመት ጠብቀሽ ሳምንት መጠበቅ ያቅትሻል? እስቲ ይውጣ።»

እኔ ፈገግ አልኩ። ያቺን ፈገግታ ዛሬም ሳስባት ጥፊ ያምረኛል። «የኔታ፣ ደመና እኮ ቀን መቁጠሪያ አያይም» አልኳቸው።

እማማ አናጢው ጋ ሄደው ቀጠሮውን ወደ ሃያ አዞሩት።

በማግሥቱ መስቀል ነበር። የደመራው ጭስ እየታየኝ ጣቢያው ውስጥ ተቀምጬ የዕለቱን መዝገብ ጻፍኩ፤ ሴፕቴምበር 28 ብዬ። ግድግዳዬ ላይ ያለው ካርቶን መስቀል በ27 እንደሚውል ይናገራል። ካርቶኑ ከራሴ በላይ፣ መዝገቡ ከእጄ በታች፣ መስቀል ደግሞ ከመስኮቱ ውጭ ነበር። ሦስቱንም አየሁና ሻይ አፈላሁ።

ሃያ ቀን ጠዋት ሰማዩ እንደ ተወለወለ ሰሃን ነበር። አናጢው ከሁለት ረዳቶች ጋር መጥቶ ሳሩን መጣል ጀመረ። እማማ፣ «አየህ? ብራ ነው» አሉኝ፤ ብራውን የሠራሁት እኔ ይመስል። ደረቴን ነፍቼ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ከቀትር በኋላ በሐይቁ ላይ ደመና ይቆለል ጀመር። ጥቁር፣ አናቱ የተንሰራፋ፣ ነጎድጓድ የሚያመጣው ዓይነት ደመና ነው፤ በትምህርት ቤት ፈተና ላይ ከነስሙ ጽፌ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት። የአየሩ ግፊት እየወረደ ነበር፤ መዘገብኩት። ነፋሱ ከሐይቁ ዞረ፤ ይህንንም መዘገብኩት። ሰማዩ በግልጽ እየነገረኝ፣ እኔ በልቤ «ይኼ የነገው ነው፣ ቀደም ብሎ ሊሰናዳ ነው የመጣው» እያልኩ በወረቀቴ ጸናሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጀመሪያው መብረቅ ወረደ። ዝናቡ ሲጥል ጠብታ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ በአንድ ጊዜ ነው የተደፋው።

ቤት ስደርስ ግማሹ ጣራ ማገር ብቻ ነበር፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ ሰማይ። አናጢው አንዱን ቆርቆሮ ራሱ ላይ ደፍቶ ግቢው መሐል ቆሟል። እማማ ነጠላቸው ገላቸው ላይ ተጣብቆ ዕቃ ወደ ማድ ቤቱ ያመላልሳሉ፤ ማድ ቤቱ ብቻ ነበር ክዳን የቀረው። የኔታ ክፍት በሆነው ቤት መሐል የመጻሕፍት ሳጥናቸውን በቁርበት ሸፍነው፣ እሳቸው ደግሞ በቁርበቱ ላይ ተቀምጠዋል። ውሃው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። ሲያዩኝ ወደ ጎን ጠጋ አሉልኝ። አብሬያቸው ተቀመጥኩ፤ ሌላ የምሠራው ነገር አልታየኝም።

ሊመሽ ሲል በሐይቁ በኩል ያለው ግድግዳ እንደ ገንፎ ተናደ። የእኔ ክፍል በዚያ በኩል ነበር። አልጋዬ፣ አንዲት ሙሉ ልብሴና የአየር ጠባይ መጻሕፍቴ ከጭቃው ሥር ገቡ። ለመጻሕፍቱ ብዙም አላዘንኩም።

እማማ አልወቀሱኝም። «ልጁ በትክክል ነው የጻፈው፤ ዝናቡ ነው የቸኮለው» አሉ ለጎረቤቱ። እኔም ወዲያው ሐይቁ የራሱ የሆነ የአየር ጠባይ እንዳለው፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሐይቅ መተንበይ እንደማይቻል ረጅም ማብራሪያ ሰጠሁ። እውነት ይመስል ነበር።

በማግሥቱ ማርያም ናት። ዝናቡ ይጥላል። እማማ በጃንጥላ ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ የኔታና እኔ ማድ ቤት ከዶሮዎቹ ጋር ተቀምጠናል።

«እስቲ ያቺ ከአዲስ አበባ የመጣችልህ ወረቀት ምን ትላለች?» አሉኝ የኔታ።

«ኦክቶበር አንድና ሁለት ከባድ ዝናብ ነው የምትለው።»

«ዛሬ በፈረንጅ ስንት ነው?»

መዝገቤ ላይ ጠዋት የጻፍኩትን አስታውሼ ነገርኳቸው። «ኦክቶበር ሁለት።»

ጣታቸውን አንድ ሁለቴ አጠፉ። ዝናቡ ይሰማል። «ዛሬ በእኛ ሃያ አንድ ማርያም ናት» አሉ። «ትናንት ሃያ ነበረ።»

ትንበያው ልክ ነበር። ለአንድና ለሁለት የተባለው ዝናብ በአንድና በሁለት ጥሏል። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ትክክለኛ ትንበያ መጥቶ አያውቅም፤ እሱንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን መስከረም አንድ የሚውለው በሴፕቴምበር 12 ነው። ካርቶኑ ይህን አያውቅም። እኔ ግን ስድስተኛዋን ቀን ሙሉ ለአገሩ ሁሉ ሳማርር ውያለሁ። ቀጠሮው በሃያ ሁለት ቢቀር ኖሮ ቤቱ አይነካም ነበር፤ በእርግጥም ሃያ ሁለት ቀን ሰማዩ ብራ ሆኖ ዋለ፣ አናጢውም በጸሐይ ቆርቆሮውን መታ። ቆርቆሮው በሦስት ግድግዳ ላይ ቆመ።

«ለእማማ እነግራቸዋለሁ» አልኳቸው የኔታን። ልነግራቸው አስቤም ነበር። ዛሬ፣ ነገ ስል እሑድ ደረሰ።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ ቅዳሴ ላይ እንዲውል ሆን ተብሎ በጠዋት ነው የሚጠራው። ክረምቱ በወጣ ማግሥት ነበርና ጸሐዩ የሚያምር ነው። ሊቀመንበሩ የእኔን ወረቀት በእጁ ይዞ ገባ። ለካ እሱም አምኖኝ ኖሯል። ሃያ ብራ ነው ብሎ የሕብረት ሱቁን በቆሎ እንዲደርቅ ግቢው ውስጥ አሰጥቶ፣ ዝናቡ ግማሹን ወስዶ ግማሹን አብቅሎታል።

«ይህ የተፈጥሮ ጉዳይ አይደለም፤ በሕዝብ እህል ላይ የተሠራ አሻጥር ነው» አለ። በዚያ ዘመን በዚያች ቃል የተጠራ ሰው ራቱን ቤቱ ላይበላ ይችላል። «ይህን ቀን የጻፈው ማነው?»

ፊርማዬን ያን ያህል አግንኜ መፈረሜ ቆጨኝ። ተነሳሁ። «ሐይቁ የራሱ የሆነ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አሻጥሩን የሠራው ሐይቁ ነው እያልክ ነው?»

ማንም አልሳቀም። ያኔ የኔታ ከኋላ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ልጁን ለቀቅ አድርጉት» አሉ። «ወረቀቱ በፈረንጅ ቀን ነው የመጣለት። ወደ እኛ የመለስሁለት እኔ ነኝ። ዘመኑ ዮሐንስ መሆኑን ዘነጋሁና አንድ ቀን ሳትሁ። ወረቀቱስ ልክ ነበረ።»

ከዚያ ከወደ በሩ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ እየዞረ መጥቶ ሁሉንም ያዘ። የኔታ ቀን ሳቱ። ባሕረ ሐሳብ የሚጠየቁት ሰውዬ ጳጉሜን ረሱ። ሊቀመንበሩ ራሱ ወረቀቱን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ፤ ንዴቱ ጠፋ። ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት የሚሆን ንግግር አደረገ፤ ሳይንስ እንዴት ትክክለኛውን ዝናብ እንዳመጣ፣ አጉል እምነት እንዴት እንዳበላሸው። እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ «ይህን የመሰለ ወጣት ባለሙያ» አለ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የአየር ጣቢያው ደብተራ እንዳያማክር ሲያዝ፣ እኔ በራሴ ነቅንቄ ተስማማሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ ከኋላቸው እየተከተልኩ፣ «የኔታ፣ ለምን?» አልኳቸው። ዋሽተው ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

«በእኔ ይስቃሉ» አሉኝ ዞር ሳይሉ። «ባንተ አይስቁም ነበር።»

ጥቂት ሄደው ደግሞ ቆሙ። «ለዋሸሁት እኔ እሰግዳለሁ። አንተ ጭቃ ርገጥ።»

ጭቃ ረገጥኩ። ከሐሙሲት የመጣ ጭድ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ሁለት ሳምንት ከሥራ መልስ አቦካሁ፣ መረግሁ። እማማ በየቀኑ «ዘርህ ይባረክ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው» እያሉ ይመርቁኛል፤ በየምርቃቱ እያነስኩ ሄድኩ። ማታ ማታ ከየኔታ ትንንሽ ተማሪዎች ጋር ተቀምጬ ባሕረ ሐሳብ ተማርኩ። የስምንት ዓመት ልጆች ይቀድሙኝ ነበር።

ይህን ብቻ ጽፌ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ሊቀመንበሩ በውይይት ክበቡ «ሳይንስና አጉል እምነት» በሚል ርዕስ ንግግር እንዳደርግ አዘዘኝ፤ አደረግኩም። መገኘት ግዴታ ስለነበር የኔታ ኋላ ተቀምጠው ሰሙኝ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። በዚያው ዓመት ጾሙ ሲቃረብ አንድ ገበሬ ከጢስ ዓባይ መጥቶ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ የኔታን ጠየቃቸው። ጣታቸውን አጥፈው ነገሩት። አመስግኖ ወጣ፤ እኔም ከግቢው በር ላይ ሆኜ ሳየው ቀጥታ ወደ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ደግሞ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደዚያ ሆነ። የኔታ እስኪሞቱ ድረስ ሁሉም እንደዚያ ነበር፤ እኔም አንድ ቀን ትንፍሽ አላልኩም።

መንግሥት ተለውጦ፣ ሊቀመንበሩም የት እንደገባ ሳይታወቅ፣ ከተዛወርኩበት አገር ባሕር ዳርን ልጠይቅ መጣሁ። የኔታ ካረፉ ቆይተው ነበር። እማማ አርጅተው፣ ቆርቆሮው ዝጎ፣ የእኔ ግድግዳ ግን ቆሟል፤ ትንሽ ያዘነብላል። ጎረቤቶች ሊያዩኝ ሲሰበሰቡ ልቤን አጸናሁና፣ ያን ጊዜ ቀኑን የሳትኩት እኔ ነበርኩ፣ የኔታ አልነበሩም አልኩ። የጠበቅሁት ምን እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባት ለቅሶ።

«አውቃለሁ» አሉ እማማ። «ያን ዕለት ማታውን ነግረውኛል። አንተ ደግሞ ትነግረኛለህ ብዬ ጠብቄ ነበር። አሁንማ የሚያስርህ የለ። ይሰሙህ የነበሩትም የሉ።»

እሳቸው ራሳቸው አዘኑልኝ መሰለኝ ወሬውን ለወጡት፤ ዘንድሮ ዐቢይ ጾም መቼ ይገባል ብለው ጠየቁኝ። የኔታ እንዳስተማሩኝ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣቴን አጥፌ፣ ሁለት ጊዜ አመሳክሬ ነገርኳቸው። ልክ ነበርኩ።

እማማ አመሰገኑኝ። ከዚያ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ጎረቤት ዞር ብለው፣ «ለማንኛውም ስታልፊ ቤተ ክርስቲያን ጠይቂልኝ» አሏት።